የሌላውን ሕግ በቃላችን ለምናውቅ ሁሉ

"ሰው ሕግ አያውቅም" እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ይገርሙኛል። የት ሆነው ነው የሚያዩት? የሕግ ዕውቀት ምን ያህል እንደተስፋፋ ማየት የፈለገ ሰው፣ አንድ ባለ መኪናና አንድ ባለ ብስክሌት ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ጠጋ ብሎ ያዳምጥ። ባለ መኪናው የብስክሌቱን ሕግ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ባለ ብስክሌቱ የመኪናውን ሕግ አንድ ፊደል ሳይስት ይወጣዋል። ሐኪም የግንበኛን ሥራ አያውቅም፤ ግንበኛም የሐኪሙን። መንገድ ላይ ግን ሁሉም በጎረቤቱ ትምህርት ተመርቋል። ያልጀመረው የራሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ወቀሳ የለም። እኔ የመጣሁት ላመሰግን ነው።

ከባለ መኪናው ልጀምር። አንድ ቶን ተኩል ብረት ይዞ የመጣን ሰው ሁለተኛ ማድረግ ለጤና ጥሩ አይደለም።

ባለ መኪናችን ለሕግ ያለው ፍቅር ልብ ይነካል። አንድ ብስክሌተኛ ቀይ መብራት ጥሶ ሲያልፍ ሲያይ ደሙ ይፈላል። "አየኸው? አየኸው ይሄን?" ይላል አጠገቡ ለተቀመጠው። አጠገቡ የተቀመጠ ከሌለ በስልክ ለሚያወራው ሰው ይነግረዋል። ስልኩ በግራ እጁ ነው። በቀኝ እጁ ክላክስ ይመታል። መሪውን ማን እንደያዘው አይታወቅም። የሕግ የበላይነት ይዞት ይሆናል።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሦስት ሴኮንድ ስልክ ማየት ማለት ከ40 ሜትር በላይ ዓይንን ጨፍኖ መንዳት ነው። ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው ተቆጣ። "እኔ እኮ መልእክቱን አነበብኩ እንጂ አልጻፍኩም!" አለኝ። እውነቱን ነው። ለካ ሕሊና ያለው ሰው ማንበብና መጻፍን ይለያል።

ደግሞ የቋንቋ ችሎታው! ብስክሌተኛ የሚያደርገው ነገር ሁሉ "ሕገ ወጥነት" ነው። እሱ የሚያደርገው ግን ሌላ ስም አለው። ገደቡ 50 በሆነበት 65 መንዳት "ከሰው እኩል መሄድ" ይባላል። ቢጫ መብራት ሲያይ ነዳጅ መርገጥ "መንገድ እንዳይዘጋ ማሰብ" ነው። የብስክሌት መስመር ላይ መኪና ማቆም ደግሞ "ሁለት ደቂቃ" ይባላል። አዎ፣ ስሙ ነው። "ምን እያደረግህ ነው?" ሲሉት "ሁለት ደቂቃ" ይላል። ርዝመቱ ከአሥር ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል።

ፍሬቻ አያሳይም እየተባለ መታማቱም አግባብ አይደለም። ያሳያል እንጂ። ሁለት ደቂቃውን ሲያቆም አራቱንም ያበራል። መታጠፊያ ላይ የቆጠበውን ሁሉ እዚያ ያወጣዋል።

ሲቀድም ደግሞ ተመልከቱት። በብዙ አገሮች ሕጉ ብስክሌት ስትቀድም 1.5 ሜትር ራቅ ይላል። እሱ ግን ሜትር ይዞ አይዞርም፤ ስለዚህ መለኪያው ስፖኪዮ ነው። ስፖኪዮው የብስክሌተኛውን ክርን ካልነካ ርቀቱ በቂ ነበር ማለት ነው። ከነካም ብስክሌተኛው ክርኑን ዘርግቶ ነበር። በር ሲከፍትም እንደዚሁ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ የመኪና በር ከበሩ በሚርቀው እጅ እንዲከፈት ይመከራል፤ እንዲያ ሲሆን ትከሻ ይዞራል፣ ዓይንም ከኋላ የሚመጣውን ያያል። የኛ ሰው ይህን የሰርከስ ትርኢት አይፈልግም። በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። መጥቶ የተላተመበት ሰው ካለ "ዓይን የለህም?" ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ከልቡ ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ፍርዱን ነው። "መጀመሪያ እነሱ ሕግ ያክብሩ፣ ከዚያ እኛም እናከብራቸዋለን" ይላል። እነሱ የተባሉት ብስክሌተኞች በሙሉ ናቸው። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጎረምሳ ቀይ መብራት ጥሷል። ስለዚህ ዛሬ ሐሙስ፣ መስመሯን ጠብቃ የምትሄደው መምህርት በአንድ ጋት ርቀት ትታለፍ። የፍርዱ ደብዳቤ ደርሷት መሆን አለበት። ይህ ፍርድ ለመኪናም ቢሠራ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። አሽከርካሪዎች ሁሉ የፍጥነት ገደብ እስኪያከብሩ ድረስ አስፋልት አይነጠፍ ቢባል ኖሮ ዛሬም ጭቃ ውስጥ ነበርን። ግን ይሄ ተንኮል ነው። ልተወው።

አይ፣ አንድ ነገር ሳልናገር አልተወውም። "መንገዱን የምንከፍለው እኛ ነን" የሚባለው ነገር አለ። ትልቅ ክርክር ነው። ክላክስ ተመትቶ፣ መስኮት ወርዶ የሚነገር ነው። መሐንዲሶች ግን መንገድ የሚጎዳው በእያንዳንዱ አክስል (ጎማዎቹ በተሰኩበት ዘንግ) ላይ ያረፈው ክብደት አራት ጊዜ ተደርድሮ እርስ በርሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ነው ይላሉ፤ ግምታዊ ሕግ ነው። እስቲ እናስላው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በአንድ አክስል 750 ኪሎ ያሳርፋል። ከነነጂው 90 ኪሎ የሆነ ብስክሌት 45 ኪሎ። አንዱ የሌላው 16.67 እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር አራት ጊዜ ተደርድሮ እርስ በርሱ ሲባዛ ወደ 77,000 ይጠጋል። አንድ መኪና አንዴ አልፎ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማድረስ ብስክሌተኛው 77,000 ጊዜ መመላለስ አለበት ማለት ነው። ሰነፍ ስለሆነ ይህን አያደርግም። መንገዱን ሳይጎዳ በነፃ ይጠቀማል።

ታሪክ የሚባለውም ነገር አይመችም። አሜሪካ ውስጥ "መንገድ ይስተካከልልን" ብለው ቀድመው ከጮኹት መካከል እ.ኤ.አ. በ1880 ማኅበር ያቋቋሙት ብስክሌተኞች ነበሩ። ያኔ የካርል ቤንዝ መኪና ገና አልተወለደም። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1886 ነው። እና የተለመነውን መንገድ ማን አገኘው? በ1896 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ባለ መኪና አንዲት ብስክሌተኛ ገጭቶ እግሯን ሰበረ። ጸቡ እንግዲህ እንዲህ ዕድሜ ጠገብ ነው። መኪናው ጡት ሳይጥል ጀምሮታል።

ወደ ብስክሌተኛው ልምጣ። ዝም ብዬ ባልፈው ቅር ይለዋል። ቅር ሲለው ደግሞ ቪዲዮ ይለቃል።

ብስክሌተኛችን ፈላስፋ ነው። ቀይ መብራት ለሌላው ሰው ቀይ ነው፤ ለእሱ የውይይት መነሻ ሐሳብ ነው። ለምን አልቆምክም ቢሉት ስለ ጉልበት ቁጠባ ያስተምራል። ቆሞ እንደገና መነሣት ያደክማል። እውነት ነው፣ ያደክማል። ለጤናና ለስፖርት ብሎ ብስክሌት የገዛ ሰው እንዴት ድካም ይጠየቃል?

ከዚያ ኢዳሆን ይጠቅሳል። ኢዳሆ በካርታ ላይ የት እንዳለች አሳየን ብንለው ጣቱ ይንከራተታል። ሕጓን ግን ያውቃል። ይህች የአሜሪካ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ብስክሌተኛ "ቁም" የሚል ምልክት ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ማለፍ ይችላል ብላለች። የሕጉ ሌላኛው ግማሽ "ቅድሚያ ላለው ሰው ቅድሚያ ሰጥቶ" ይላል። እዚያ ግማሽ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለነበር አላነበበውም።

ደግሞ የሌሊት ወፍ የምትባል አለች፤ ወፎች ግብር ሲጠይቋት "አይጥ ነኝ"፣ አይጦች ሲጠይቋት "ወፍ ነኝ" የምትለው። ብስክሌተኛችን ከእሷ ተምሯል። መንገድ ላይ "እኔም ተሽከርካሪ ነኝ፣ ሙሉ ረድፍ ይገባኛል" ይላል። መብራቱ ሲቀላ እግረኛ ይሆናል፤ በዜብራው ይሾልካል። ሳይወርድ ነው ታዲያ። የተቀመጠ እግረኛ። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ሲሆንበት ደግሞ በተቃራኒ ይመጣና "ከፊቴ የሚመጣውን ባየው ይሻለኛል" ይላል። ከፊቱ የሚመጣው ሰውም እሱን ያየዋል። ሁለቱም እየተያዩ ነው የሚጋጩት። ከዚህ የበለጠ ግልጽነት ከወዴት ይመጣል?

ማታ መብራት አያበራም። ትሑት ነው፣ ታይታ አይወድም። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ስለዚህ ክላክሱን አልሰማም፣ ስለዚህ ክላክስ አልተመታም። የእግረኛ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ደወሉን ይመታል። "እማማ፣ ወዲህ በሉ!" ይላል እየበረረ። እማማ ወዲህ የቱ ነው እስኪሉ አልፏል። ካርል ድራይስ የመጀመሪያውን ባለ ሁለት እግር መንኮራኩር ጀርመን ውስጥ የነዳው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። ብዙም ሳይቆይ በእግረኛ መንገድ ላይ እንዳይነዱት የከለከሉ ከተሞች ነበሩ። ክልከላው 200 ዓመት አልፎታል። መልእክቱ እስካሁን በመንገድ ላይ ነው።

አሁን አንዳንድ ሰው "ሁለቱም ያው ናቸው፣ እኩል ያጠፋሉ" ይለኛል። ልክ ነህ ብያለሁ። ብስክሌተኛው ሲሳሳት ብስክሌተኛው ይሞታል። ባለ መኪናው ሲሳሳትም ብስክሌተኛው ይሞታል። ከዚህ ወዲያ እኩልነት የለም። ፊዚክስ ብቻ ነው የሚያዳላው፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አንድ ቶን ተኩል መኪና፣ በ20 ከሚሄድ ብስክሌት ከ100 እጥፍ በላይ ጉልበት ይዞ ይመጣል። እንግሊዞች ይህ አሳስቧቸው ነው መሰለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የመንገድ ደንባቸውን ሲያሻሽሉ የበለጠ መጉዳት የሚችል የበለጠ ኃላፊነት አለበት የሚል ነገር ጨመሩ። ነገሩ ለሕግ አዋቂዎቻችን አልጣመም። ኃላፊነት በኪሎ ይመዘናል እንዴ?

እኔ ራሴ ሁለቱም አለኝ። ሰኞ መኪና እነዳለሁ፣ ቅዳሜ ብስክሌት። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ትክክል ነኝ። ሰኞ ብስክሌተኞች መንጃ ፈቃድና ታርጋ ይኑራቸው እላለሁ። ቅዳሜ መኪና ከከተማ ይውጣ እላለሁ። እሑድ በእግሬ ስሄድ ሁለቱንም እረግማለሁ። ያን ዕለት ዜብራ ባልሆነበት ነው የምሻገረው፣ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በእግር የሚሄድ ሰው ላይ ሕግ ማጥበቅ ነውር ነው።

ባለፈው ሰኞ ቀይ መብራት ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ አንድ መኪና አለ። ከጎኑ አንድ ወጣት ብስክሌት ላይ እንዳለ አንድ እግሩን መሬት አስነክቷል። መስኮቱ ወረደ።

"አንተ ልጅ፣ ቅድም እዚያ ላይ ቀይ መብራት ጥሰህ አልፈሃል። አይቼሃለሁ!"

"ጋሼ፣ እርስዎስ ፍሬቻ ሳያሳዩ መጥተው ሊደፉኝ አልነበር?"

"ፍሬቻ ለማን ነው የማሳየው? አንተ እንደሆንክ ከየት እንደምትመጣ አትታወቅ!"

"ከብስክሌት መስመር ነዋ! የእርስዎ መኪና ካልቆመበት!"

እንዲህ እየተባባሉ ቀጠሉ። ሰውየው ስለ ራስ ቁር አነሣ። ልጁ ስለ ፍጥነት ገደብ አነሣ። ሰውየው ስለ ግብር። ልጁ ስለ ኢዳሆ። እኔም ከኋላ ሆኜ ተመስጬ እሰማ ነበር። አንድም ስሕተት አላገኘሁባቸውም፤ ሁለቱም የጠቀሱት ሕግ በትክክል አለ።

መሀል ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ማንም አላየውም። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ መታ፣ ሌላውም መታ፣ እኔም አጀብኩ። "ምን አስቸኮላቸው? ሥርዓት የላቸውም እኮ!" አለ ሰውየው። "የላቸውም" አለ ልጁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ተስማምተው ሲያበቁ መብራቱ ተመልሶ ቀልቷል። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው አንድ እግራቸውን ዜብራው ላይ አሳርፈዋል። ሰውየው ነዳጁን ረገጠ። ልጁም ፔዳሉን ረገጠ። እናት እግራቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

እኔማ ተከትያቸው ነው ያለፍኩት። ሦስተኛ ሆኖ ማለፍ መጣስ አይባልም። ከሰው እኩል መሄድ ነው።