ለክቡር ማይነስ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ከቅንፍ ደጃፍ ስለመሰወርዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን እመኛለሁ። አንዲት አግድም ጭረት ነዎት፤ ደብተር መስመር ላይ ጋደም ሲሉ ከመስመሩ የሚለይዎ የለም። ይህንን እያወቁ ነው የሚጋደሙት።

ትናንት ማታ የማስጠናት የ9ኛ ክፍል ልጅ ላይ የሠሩትን ላስታውስዎ። 5 እርሳስና 2 ላጲስ 80 ብር ነው፤ የ5 እርሳስ ዋጋ ደግሞ ከ3 ላጲስ ዋጋ በ5 ብር ይበልጣል። እርሳሱን ኤክስ፣ ላጲሱን ዋይ አለችና አሳምራ ጻፈች፦

5ኤክስ + 2ዋይ = 80
5ኤክስ − 3ዋይ = 5

ለኤሊሚኔሽን (አንዱን ፊደል ለማጥፋት) ከዚህ የተመቸ የለም። 5ኤክሶቹ እኩል ናቸው፤ የታችኛውን ከላይኛው መቀነስ ብቻ ነው። ኤክስ ጠፋ፣ እሰየው! እርስዎም አብረው ጠፉ። 2ዋይ ላይ ኔጌቲቭ 3ዋይ ሲቀነስ 5ዋይ ነበር የሚመጣው። ሁለት ማይነሶች ጎን ለጎን መቆም ሲኖርባችሁ አንዳችሁ ቀራችሁ (ለቅሶ የቀረ ሰው እንኳ ወኪል ይልካል)። ልጅቷም −ዋይ = 75 ብላ አረፈችው።

እንግዲህ የላጲስ ዋጋ ኔጌቲቭ 75 ብር ሆነ። ባለሱቁ ላጲሱን ሰጥቶ 75 ብር ይመርቅልናል ማለት ነው። እርሳሱ 46 ብር ወጣ፤ ይኼኛውን በዘንድሮ ገበያ ማንም አይጠራጠረውም።

«ጋሼ፣ ቼክ አድርጌዋለሁ እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። 230 ሲቀነስ 150፣ 80። የተንኮልዎ ተንኮል እዚህ ላይ ነው። ኤክስን ያገኘችው ዋይን ላይኛው ኢኩዌሽን ውስጥ ከትታ ነው፤ ዋይ የፈለገውን ቢሆን ላይኛው እሺ ማለቱ አይቀርም። የሌባን ወንድም ለምስክርነት እንደመጥራት ያለ ነገር። ታችኛውን ብትጠይቀው ኖሮ 230 ላይ 225 ተደምሮ 455 ይላት ነበር፤ የምንፈልገው 5 ብር!

ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ፣ «መቀነሱን ተይው፤ ታችኛውን በኔጌቲቭ 1 አባዢና ደምሪ» አልኳት። −5ኤክስ + 3ዋይ አለች፣ በኩራት። ከኢኳል ማዶ ያለው 5 ግን እንደነበረ ተቀምጧል፤ እርስዎ ድልድዩን ሳይሻገሩ ቀርተዋል። 5ዋይ = 85፣ ላጲስ 17 ብር። ይህ ከኔጌቲቭ 75ቱ ይብሳል፤ እውነት ይመስላላ! ትክክለኛው 15 ነው፤ እርሳሱም 10።

እርስዎ ይሰወራሉ፣ ቀይ የሚሰመርባት ልጅቷ ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

የትውልድ ሐረግዎንም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1489 ቪድማን የተባለ ጀርመናዊ ላይፕሲግ ላይ ባሳተመው የንግድ ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ በሕትመት ብቅ ብለዋል። ቻይናውያን ግን ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ይህንኑ ማጥፋት ያለ እርስዎ፣ በመቁጠሪያ ዘንግ ይሠሩት ነበር። የሒሳብ ሊቃቸው ሊዩ ሁዪ እ.ኤ.አ. በ263 እንዳስረዳው ቀዩ ዘንግ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ጥቁር ዘንግ ደግሞ ደብተር መስመር ውስጥ ተጋድሞ አይደበቅም።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ የታችኛው ኢኩዌሽን ከነማዶው ሙሉ በሙሉ ቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ እርስዎም ከደጃፉ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋሉ። ቻይናውያኑ ቀዩን ለፖዘቲቭ እንደሰጡ አልረሳሁም። አስተማሪዋ ከማቅላቷ በፊት እኛ ብናቀላዎ ይሻለናል ብለን ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለክቡር ፕላስ፣ ማይነስ በቀረ ቁጥር ሳይጠሩ እንዳይተኩ
ለክቡር ኢኳል፣ ማባዣው ሲመጣ የማዶውን በር እንዲከፍቱ
ለላጲስ፣ ዋጋዎ 15 ብር መሆኑን እንዲያውቁት