የኔታ የማይገቡበት ሙዚየም

በአውሮፓ የሚማር ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ መጠኑ ከመታወቂያ አይበልጥም፤ የሚከፍተው በር ግን ብዙ ነው። ካርዱን የያዘ ተማሪ በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ በሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች) ያለ ተጨማሪ ቪዛ መዘዋወር ይችላል። እኔና አንድ ጓደኛዬ ትምህርት ሲዘጋ ርካሽ የሌሊት አውቶቡስ እየጠበቅን፣ ዳቦና አይብ በቦርሳችን ይዘን ከጣሊያን ተነሥተን ፓሪስ ድረስ የዞርነው በዚህ ካርድ ነው። ጓደኛዬ የአክሱም ልጅ ነው፤ ሲቪል ምህንድስና ይማራል፤ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ።

የአውሮፓ ትልልቅ ሙዚየሞች የሌላ አገር ቅርስ ለምን እንደያዙ ሲጠየቁ ከሚሰጧቸው መልሶች አንዱ፣ እቃው እዚህ ቢቀመጥ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ያየዋል የሚል ነው። ይህ መልስ ለእኛ አይሠራም። የኢትዮጵያን ቅርስ በአውሮፓ ከተሞች እንዳያይ በሩ የተዘጋበት ሰው ቢኖር ኢትዮጵያዊው ነውና።

በሮም ልጀምር (ካልገለጽሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዋናው የባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ሲወጣ የሚገኘው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ለእነርሱ በቆመው መታሰቢያ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ጓደኛዬ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ የአደባባዩን ስም ደጋግሞ አነበበ። ሻንጣ የሚጎትተው መንገደኛ በግራና በቀኙ ያልፋል።

ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ቺርኮ ማሲሞ ሄድን። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚያ ነው፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት። ጣሊያን በ1947 በፓሪስ በፈረመችው የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገብታ ነበር። ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም የገባው ግን በ2005 ነው፤ ተገጣጥሞ የቆመው ደግሞ በ2008። የመጀመሪያው ክፍል በገባ ዕለት ጓደኛዬ ሕፃን ነበር፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ያየው በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ነው። ሮም ላይ ቦታውን በእርምጃው እየለካ፣ 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ድንጋይ ከመንገድ ዳር መኪና ሲያንቀጠቅጠው መኖሩን፣ በ2002 መብረቅ ጫፉን መምታቱን ይነግረኝ ጀመር። አበበ ቢቂላ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ለዘመን መለወጫ ዋዜማ በባዶ እግሩ ሲሮጥ በዚህ ሐውልት አጠገብ አልፎ ነው ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የገሰገሰው።

ሐውልቱ ሲሄድ ሮም ምን ጎደለባት? እኛ በቆምንበት ሰዓት ሕዝቡ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ጎብኚው ወደ ኮሎሲየም ይተማል። አክሱም ግን ያገኘችው ብዙ ነው፤ አንዱ የእኔ ጓደኛ ነው። ድንጋይ እንዴት እንደሚቆምና እንደማይወድቅ ለማወቅ ምህንድስና የመረጠው የሐውልቱን መልሶ ተከላ እያየ አድጎ ነው።

ፓሪስ ላይ ተራው የእኔ ሆነ። ከኤፍል ማማ ብዙ በማይርቀው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን በ1932 ጎንደር ሲደርስ ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ወሰዳቸው፤ በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ የሣላቸው ቅጂዎች ተሰጡ። በልጅነቴ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! የግድግዳውን ልብስ ያየሁት ግን ፓሪስ ላይ ነው። ጓደኛዬ ነጠላ እንደለበሰ ሰው እጆቹን አጣምሮ ከቆመ በኋላ ቅዱሳኑን በስማቸው እየጠራ ታሪካቸውን ይነግረኝ ገባ። ልጆቿን ይዛ የመጣች አንዲት ፈረንሳዊት ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ እንዲያስረዳት ለመነችው። አስረዳት፤ ልጆቹም ጥያቄ በጥያቄ አደረጉት።

ለፊደል ያበቁኝን የኔታን ያሰብኋቸው ያን ጊዜ ነው። ቤታቸው ከአባ እንጦንስ ሩቅ አይደለም። ጓደኛዬ የሚያውቀውን አሥር እጥፍ ያውቃሉ፤ ገድሉን ከነንባቡ ጠቅሰው ያስረዳሉ። የሥዕሎቹን ፎቶግራፍ በእህቴ ስልክ ላክሁላቸው። መልሳቸው ምስጋናና ጥያቄ ነበር፦ «በስተ ግራ ጥግ ላይ ያለው የማን እግር ነው? ዝቅ ብሎ የተጻፈውስ ምን ይላል?» ፎቶግራፉ ያንን አላሳየም። ሙዚየሞች «ቅጂውን በኮምፒውተር እንልክላችኋለን» ሲሉ እኔ የምሰማው ይህንን የየኔታን ጥያቄ ነው።

ታዲያ የኔታ ራሳቸው ይሂዱና ይዩ? ለሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚከፈለው ከሰኔ 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የ30 ሺህ ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ መድን፣ የማረፊያ ማረጋገጫ፣ ወደ አገር እንደሚመለሱ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ከምእመኑ በሚያገኙት የሚተዳደሩ የቆሎ ትምህርት ቤት መምህር የሥራ ደብዳቤ ከማን ያጽፋሉ? በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 ኢትዮጵያ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመቀበል አልተባበረችም ብሎ በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ረዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። በመንግሥታት አለመግባባት ሊቃውንት መቀጣት አልነበረባቸውም።

መንገዱ እንዲህ ያልነበረበት ጊዜ ነበር። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሮም መጥቶ በቫቲካን በነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ዘንድ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በመካከላቸው ጓደኝነት ተመሠረተ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዛቸው፤ ሄደውም ሉዶልፍን አስተማሩ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የሚባለው ሰው የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው ሊጽፍ የቻለው እኚህ መምህር ስለነበሩት ነው። አውሮፓ ያን ጊዜ መምህሩን ጋብዛ አስመጣች። ዛሬ የመምህሩን መጽሐፍ ይዛ መምህሩን ከደጅ ትመልሳለች።

ለንደን አልገባንም። እንግሊዝ ከሸንገን ውጭ ስለሆነች የተማሪ ካርዳችን እዚያ ዋጋ የለውም። ከመቅደላ በ1868 ተዘርፈው የሄዱት 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት፣ የወርቅ ዘውዱና ጽዋው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አሉ። የልዑል ዓለማየሁ አፅም ዊንዘር ነው፤ በ2023 ቤተሰቦቹ እንዲመለስ ቢጠይቁ ቤተ መንግሥቱ በአጠገቡ የተቀበሩትን ሌሎች አስከሬኖች ሳይነካኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ጉዳይ ነው። ሙዚየሙ የታቦትን ክብር አውቆ ለዕይታ አያቀርባቸውም፤ የራሱ ባለሙያዎችም አያዩአቸውም። እንግዲህ «የዓለም ሕዝብ ያያቸዋል» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ከነጭራሹ የለም።

ስለዚህ መንግሥት በቅርስ ጉዳይ ከአውሮፓውያን ጋር ሲነጋገር ሁለት ነገር አጥብቆ እንዲይዝ እጠይቃለሁ። እስከሚመለስ ድረስ ለአብነት መምህራን፣ ለሠዓልያንና ለታሪክ ተመራማሪዎች ከክፍያና ከባንክ መግለጫ ነፃ የሆነ የጥናት ቪዛ ይሰጥ፤ ወጪውንም ቅርሱን የያዘው ተቋም ይሸፍን። ታቦታቱ ደግሞ አሁኑኑ ይመለሱ። የብሪቲሽ ሙዚየም የ1963 ሕግ ማስወጣትን ቢያጠብቅም፣ ባለአደራዎቹ በስብስቡ ሊቆይ የማይገባው ነው ያሉትን ዕቃ «የተማሪዎችን ጥቅም ሳይጎዳ» ማስወገድ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ሕጉ የተማሪን ጥቅም ስሙን ጠርቶ ካነሣ፣ በአውሮፓ ያለን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲያችን ተሰባስበን ለባለአደራዎቹ እንጻፍላቸው። ማንም ተማሪ የማያያቸው፣ ማንም የማያጠናቸው ታቦታት ወደ መንበራቸው ቢመለሱ የሚጎዳ ተማሪ የለም።