ጥበቃው ያየው ዛፍ ያለቀለት ዛፍ ነው

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ የደን ውይይት አንድ የሥራ ኃላፊ የዛፍ በሽታን በሳተላይት ምስል ስለመከታተል ተጠይቀው፣ «ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው፤ ጥበቃዎቻችን ደኑን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል» ሲሉ መለሱ። አዳራሹም አጨበጨበ።

በየትኛው ሒሳብ ነው ቅንጦት የሆነው? የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች የሚያነሱት ምስል ለማንም በነጻ ይለቀቃል። የአሜሪካው ላንድሳትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ነው። ኮምቦልቻ አጠገብ ያለውን የዮጎፍን ደን ለመከታተል ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና አንድ የሠለጠነ ሰው ይበቃል። ለስብሰባ የሚመላለሱት መኪኖች የሚጠጡት ነዳጅ ከዚህ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም።

«ጥበቃው ያውቀዋል» የሚለውማ ጥበቃውንም ማማት ነው። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ተዳፋት ዱላውን ተደግፎ የሚወጣ ሰው ከሥር የሚያየው ግንዱን ነው፤ አናቱን ከየት ያየዋል? ቢያይስ ዓይኑ የሰው ዓይን ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ታህተ ቀይ ብርሃን ግን አብዝቶ ይመልሳል። ዛፉ ሲታመም ቅጠሉ ለእኛ ገና አረንጓዴ መስሎ ሳለ ይህ ሚዛን መዛባት ሊጀምር ይችላል። ሴንቲኔል 2 መሬትን በ13 የብርሃን ክፍሎች ያነሳል፤ አንዳንዶቹ በቀዩና በታህተ ቀዩ ድንበር ላይ ሆነው እንዲህ ያለውን ለውጥ ይለቅማሉ። ሰማዩ ከጠራ በየ5 ቀኑ ይመለሳል። በየ5 ቀኑ ደኑን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ ጥበቃ ካለ ይምጣና ልየው!

የፈረንጅ ጽድን የሚያደርቀው ክሽክሽ የሚባል ትንሽ ተባይ በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ገብቶ ነበር። ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጠ ሳለ ማንም ልብ አይለውም፤ ሰው የሚደነግጠው ቅጠሉ ሲቀላ ነው። ያኔ የሚቀረው መጥረቢያ ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

በእርግጥ ሳተላይቱ የበሽታውን ስም አይነግረንም። ድርቅም ክሽክሽም ፈንገስም ይሁን፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት የግድ ነው። ምስሉ መሬትን የሚከፋፍለው ቢጠራ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ፣ ለብቻው የታመመ አንድ ዛፍ ሊያመልጠው ይችላል። ይሁን። ግን ጥበቃው ከዚያ ሁሉ ገደል ውስጥ የትኛውን ወጥቶ እንዲያይ ማን ይንገረው?

ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው። በየወሩ አንድ ካርታ ሠርቶ ለደን ባለሙያዎች የሚያቀብል ተማሪ ጠፍቶ ነው? ክረምቱ አልፎ ደመናው ሲገፈፍ፣ በጥቅምት እንኳን ቢጀመር የበጋውን ለውጥ ለመያዝ ይደርሳል።