ከ«ሩትስ» አትጀምሩ

ደሴ ውስጥ ስለ ሴፑልቱራ ወሬ ሲነሳ፣ አዘውትሮ ባይነሳም፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አንድ አልበም ላይ ያርፋል፤ በ1996 በወጣው «ሩትስ» ላይ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ይህ የብራዚል ትራሽ ሜታል (እጅግ ፈጣንና ጎርናና የሮክ ዓይነት) ባንድ ለዚያ አልበም ሲል ማቶ ግሮሶ ወደሚባለው የአገሩ ግዛት ድረስ ሄዶ ሻቫንቴ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር ቀርጿል፤ ባሂያ ከሚባለው ግዛትም ከበሮ መቺውን ካርሊኞስ ብራውንን ከነከበሮው ጋብዟል። እናም ጊታር የሚነካ የወሎ ልጅ ሁሉ ምክር ይወርድለታል፦ «እንደነሱ አንተም ማሲንቆ ጨምርበት፤ ያን ጊዜ የኛ ይሆናል።» ባቲንና አምባሰልን ከነስማቸው ለሙዚቃው የሰጠ አገር ሰው እንዲህ ቢመክር አይፈረድበትም። የባንዱን አልበሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ በተርታ የሰማ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያገኘዋል ባይ ነኝ።

ማክስና ኢጎር ካቫሌራ የተባሉት ወንድማማቾች በ1984 ቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ ባንዱን ሲመሠርቱ ጢማቸው ገና ያላቀና ጎረምሶች ነበሩ። ብራዚልን ከ1964 ጀምሮ የገዛው ወታደራዊ መንግሥት በሚቀጥለው ዓመት ነው ሥልጣን የለቀቀው። የ1986ቱ «ሞርቢድ ቪዥንስ» ድምፁ የተዝረከረከ፣ ግጥሙም ከአውሮፓ ባንዶች የተዋሰው ሰይጣንና መቃብር የበዛበት ነው፤ ለወዳጅ እንጂ ለእንግዳ አይቀርብም። በ1987 አንድሪያስ ኪሰር መሪ ጊታሪስት ሆኖ ሲገባ «ስኪዞፍሬኒያ» ወጣ፤ እዚያ ላይ መጫወት እንደሚችሉ ታወቀ። ያም ሆኖ ሁለቱ አልበሞች ውስጥ ብራዚልን የሚያስታውስ ነገር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ልጆቹ የሚፈልጉት እንደ አሜሪካዊው የትራሽ ባንድ እንደ ስሌየር መፍጠንን ነበር።

የኔ አልበም በ1989 የወጣው «ቢኒዝ ዘ ሪሜይንስ» ነው። ፕሮዲውሰሩ ስኮት በርንስ ከፍሎሪዳ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ድረስ መጥቶ በ1988 ማብቂያ ላይ ቀረጸላቸው። የመጀመሪያው ዘፈን በለስላሳ የአኩስቲክ ጊታር ይጀምርና ድራሙ ሳይታሰብ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አልበሙ መጨረሻ ማረፊያ የለም። የሚናገረው ስለ ጦርነት ነው፤ ስለ ፈረሰ ከተማና ስለ ወደቀ ሰው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ከወጣ ወዲህ ይህን ዘፈን እንደ ድሮው በጭፈራ መንፈስ መስማት አልቻልኩም። ግን አልተውኩትም፤ ቁጣን እንደዚህ ሥርዓት አስይዞ የሚያቀርብ ሌላ ነገር አላገኘሁም።

አሁን ወደ ቅኝት ልምጣ። አልበሙ ላይ አንድም የብራዚል ባህላዊ መሣሪያ የለም፣ የወሎ ሰው ጆሮ ግን የሚያውቀውን ነገር ያገኝበታል። የትራሽ ጊታሪስት ልማድ ወፍራሙን ክር በመዳፉ አፍኖ ባዶውን እየደበደበ፣ ድንገት አንድ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለ የጣት ማረፊያ) ብቻ ከፍ ማለት ነው፤ ግማሽ ድምፅ። የአምባሰል የመጀመሪያው እርምጃም ያው ግማሽ ድምፅ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ ከመነሻ ድምፁ ስድስት ግማሽ ድምፅ ላይ የሚቀመጠው፣ የሜታል ጀማሪ የሚባለው የእንግሊዙ ባንድ ብላክ ሳባት በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተበት ያ የሚጎረብጥ ርቀት በቅኝቱ ውስጥ አለ። ክራር የሚደረድር አንድ ወዳጄ ጊታሩን ሰምቶ ጣቱን ክሩ ላይ ካመላለሰ በኋላ፣ «ይሄማ ለአንቺሆዬ ምን ቀረው? ችኮላው ነው እንጂ» አለኝ። ችኮላው ነው፤ እውነቱን ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትጫወት ያቺን ግማሽ ድምፅ በጉሮሮዋ ታሽሞነሙናታለች፣ አንዷ ድምፅ ላይ ቆማ ታስጠብቅሃለች። ትራሽ ያችኑ ድምፅ በሰከንድ ብዙ ጊዜ መትቶ ይጥላታል። ቤሎ ሆሪዞንቴ ውስጥ ስለ አምባሰል የሰማ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ቅኝታችንና ይህ ሙዚቃ ለመገናኘት መሣሪያ መበደር አያስፈልጋቸውም ማለቴ ነው፤ የጣት ጉዳይ ነው።

ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ ሄደው ሠርተው በ1991 ያወጡት «አራይዝ» ያንኑ መንገድ አጽድቶ ጨረሰው። በጥራት ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ይበልጣልም፤ ለኔ ግን ልቡ ትንሽ ቀዝቅዟል።

ዋናው ነገር የመጣው በ1993 ነው። «ኬኦስ ኤ.ዲ.» ሲጀምር የሚሰማው ገና ያልተወለደው የማክስ ልጅ የልብ ምት ነው፤ ኢጎር ከዚያ ተቀብሎ ድራሙን እንደ ጎዳና ከበሮ ይመታዋል። ፍጥነቱ ወርዷል፣ ጊታሩም ለድራሙ ቦታ ለቋል። በአራቱ አልበሞች ያልታየችው ብራዚል የገባችው በዚያ ቦታ ነው። «ማኒፌስት» የተባለው ዘፈን በ1992 ሳኦ ፓውሎ ካራንዲሩ እስር ቤት ውስጥ ፖሊስ ስለ ገደላቸው 111 እስረኞች ነው። ቃል የሌለው «ካዮዋስ» ደግሞ መሬታቸውን ለተነጠቁት ለጓራኒ ካዮዋ ሕዝብ መታሰቢያ ነው፤ በአኩስቲክ ጊታርና በከበሮ፣ ዌልስ ውስጥ ባለ የቼፕስቶው ግንብ ፍርስራሽ ተቀረጸ። ልብ በሉ፣ ብሪታንያ ቁጭ ብለው ነው ብራዚልን ያገኙት። ማንም ላባ አላደረገ፣ ማንም «ባህላዊ» የሚል ጽሑፍ አልለጠፈበት። ከበሮ መቺው ከልጅነቱ ሲሰማ ያደገው ምት እጁ ላይ ነበር፤ እጁ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል።

«ሩትስ»ስ? መጥፎ አልበም ነው ብል ዋሸሁ። ግን አንድ የማይነገርለት ነገር አለ። ከሁሉ ይልቅ ብራዚላዊ የሚባለው አልበም፣ የጊታሩን ድምፅ ከሰማችሁት፣ ከሁሉ ይልቅ አሜሪካዊው ነው። ፕሮዲውሰሩ ሮስ ሮቢንሰን ከዚያ በፊት በ1994 ኮርን የተባለውን የካሊፎርኒያ ባንድ የመጀመሪያ አልበም የሠራ ሰው ነው፤ የኮርን ዘፋኝ ጆናታን ዴቪስ ራሱ አንዱ ዘፈን ላይ አለ። ክሩ ወርዶ የተቃኘ፣ ሪፉ (እየተደጋገመ የሚመጣው የጊታር ሐረግ) ሁለት ሦስት ድምፅ ላይ የሚንከባለል፣ በዚያ ዘመን ካሊፎርኒያ ውስጥ ፋሽን የነበረ አጨዋወት ነው። ከሻቫንቴዎቹ ጋር የተቀረጸው «ኢትሳሪ» ውብ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ቆሟል፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ዘፈኖች ጋር አይነጋገርም። የተጋበዘ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የቤቱን ዕቃ አያንቀሳቅስም። ከዚህ የማወጣው «ራታማሃታ»ን ነው። እዚያ ካርሊኞስ ብራውን ዘፈኑን ከነከበሮው ይዞት ይሄዳል፣ ጊታሩም ይከተለዋል። የቀረው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚረዝም አልበም ሲሶው ቢቀነስ ማንም አያዝንም ነበር።

ዘፋኙ ማክስ በ1996 ታኅሣሥ ከባንዱ ወጣ፤ አሜሪካዊው ዴሪክ ግሪን ተተካ። በ1998 «አጌንስት» ላይ ደግሞ የጃፓኖቹን የኮዶ ከበሮ ቡድን ጋበዙ፤ የ«ሩትስ»ን መድኃኒት በሌላ ጠርሙስ መሆኑ ነው፤ አልሠራም። ኢጎርም በ2006 ሄደ። ከዚያ በኋላ ባንዱ ሞቷል የሚሉ አድናቂዎች ግን የ2020ውን «ኳድራ» አልሰሙም። አራት ክፍል አለው፤ አንዱ የድሮውን ፍጥነት፣ አንዱ የከበሮውን ዘመን የሚመልስ ነው፤ ሁሉም ሳይጨናነቁ ይዘልቃሉ። በ2023 መጨረሻ ላይ የስንብት ጉዞ ማወጃቸው ከድካም ነው ብዬ አላምንም።

እዚህ ደሴም ሆነ ወልዲያ በስልክ እየተቀባበልን የምንሰማቸው የወጣቶች ሙከራዎች አብዛኛዎቹ የ«ሩትስ» ልጆች ናቸው። ጊታሩ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ማሲንቆ ለግማሽ ደቂቃ ይገባል፣ ማሲንቆው ሲወጣ ጊታሩ ካቆመበት ይቀጥላል። አድማጩ «አይ ጎበዝ፣ የኛ ነው» ይላል። የጊታሪስቱ ግራ እጅ አንቺሆዬን አያውቅም፤ የቀኝ እጁ ደግሞ ሪፉን ሳይዛነፍ ሁለት ደቂቃ መያዝ አይችልም። በየመንደሩ መንዙማ ሲባል መሪውና ተቀባዩ እንዴት እንደሚቀባበሉ፣ ከበሮው መቼ እንደሚከብድ ሰምቶ ያደገ ልጅ፣ ድራሙን ከኮምፒዩተር የተዘጋጀ ምት አውጥቶ ይለጥፍበታል። ያ ነው የሚያናድደኝ።

«ታዲያ ማሲንቆው ምን በደለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ምንም አልበደለኝም። ማሲንቆኛው ለግማሽ ደቂቃ የሚጠራ ሳይሆን የባንዱ አባል ይሁን፤ ልምምድ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ይገኝ፤ ሪፉን እሱ ያምጣ፣ ጊታሪስቱ ይከተለው፣ ካልጣመውም «ይሄ አምባሰል አይደለም» ብሎ የማስቆም ሥልጣን ይኑረው።