የኪቦርድ ጉዳይ በአንዲት ትዕዛዝ አያልቅም

ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ኪቦርድ (ቁልፎቹ የሚያወጡት ፊደል) እንዴት ይቀየራል ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ያው ነው። «ቀላል ነው፤ ተርሚናል ክፈትና አንዲት ትዕዛዝ ጻፍ፤ አለቀ።» ትዕዛዟ «ሴት-ኤክስ-ኬቢ-ማፕ» ናት። ከኋላዋ የኪቦርዱን መለያ አስከትሎ ኢንተር የተጫነ ሰው ውጤቱን እዚያው ያየዋል። አመስግኖም ይሄዳል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲያበራው ግን ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ተመልሷል። አንዳንዴ እስከዚያም አይቆይም፤ የዩኤስቢ ኪቦርዱን ነቅሎ ሲሰካው ይጠፋበታል።

እንዲህ ብለው የሚመልሱት ሰዎች ቅኖች ናቸው። ጊዜያቸውን ሰውተው የማያውቁትን ሰው ይረዳሉ። መልሱ ግን ጠያቂውን ይጎዳዋል ባይ ነኝ። ነገሩ አልሠራ ሲለው «ለሌላው በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር እኔን እንዴት ያቅተኛል» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሊኑክስ ላይ የኪቦርድ ሴቲንግ የተቀመጠው ተበታትኖ ነው። ሰብስቦ አንድ ላይ ማምጣት ያለባቸው ደግሞ ሲስተሙን የሚያዘጋጁት እንጂ ተጠቃሚው አይደለም።

ከሥሩ እንጀምር። ቁልፍ ሲጫኑ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። በአሜሪካ ኪቦርድ ላይ «ኤ» የተጻፈባት ቁልፍ ለሊኑክስ ከርነል (ለሲስተሙ እምብርት) 30 ናት። ኤክስ የሚባለው የቆየው የግራፊክስ ሥርዓት 8 ይደምርበትና 38 ይላታል። እስካሁን ፊደል የሚባል ነገር የለም። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው «ኤክስ-ኬ-ቢ» የተባለው ክፍል ነው። የአሜሪካ ሌይአውት (የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ የሚወስነው ዝርዝር) ከተመረጠ «ኤ» ይወጣል፤ የፈረንሳይ ከተመረጠ ያቺው ቁልፍ «ኪው» ትሆናለች። ቁልፏ ላይ የታተመው ምልክት ለዓይናችን እንጂ ለኮምፒውተሩ ምኑም አይደለም።

ሌይአውቶቹ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። ማንም ከፍቶ ሊያነባቸው ይችላል፤ ይህን በጣም እወድላቸዋለሁ። ስማቸው ላይ ግን ወጥመድ አለ። ኤክስ-ኬ-ቢ ፋይሎቹን በአብዛኛው የሚጠራቸው በአገር መለያ ነው። የሲስተሙ የቋንቋ ምርጫ ደግሞ የሚጀምረው በቋንቋ መለያ ነው፤ እዚያ አማርኛ «ኤ-ኤም» ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ትዕዛዟ ላይ «ኤ-ኤም» ብሎ ይጽፋል። የሚመጣለት የአርመን ፊደል ነው፤ በአገር መለያ «ኤ-ኤም» አርሜኒያ ናትና። አማርኛው ያለው «ኢ-ቲ» በተባለው የኢትዮጵያ ፋይል ውስጥ ነው። «ኢ-ቲ» ራሱ በቋንቋ መለያ ኢስቶኒያኛ ማለት ነው። አንዲት ትዕዛዝ ናት የተባለ ሰው የአርመን ፊደል ሲያይ ምን ሊገባው ይችላል?

ቀጥሎ ያለው ጣጣ ይብሳል። አንዱ ኪቦርድ እስከ አራት ቦታ ድረስ ይስተካከላል። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ መክፈቻው ላይ፣ ጥቁሩ የጽሑፍ ኮንሶል ላይ፣ መግቢያ ስክሪኑ ላይ፣ ከዚያም ዴስክቶፑ (መስኮቶቹንና ሜኑዎቹን የሚያሳየው ክፍል) ላይ። አራቱ ካልተስማሙ ማንም አያስጠነቅቅም። አንድ ሰው ሲስተሙን ሲጭን የአሜሪካ ኪቦርድ መርጦ ዲስኩን በይለፍ ቃል ቆለፈ እንበል። ቆይቶ የፈረንሳይ ኪቦርድ ሰካና ዴስክቶፑን ወደ ፈረንሳይ ቀየረው። ሁሉም ጥሩ ሠራለት። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ሲያበራ የዲስክ መክፈቻው አሁንም የሚያውቀው የአሜሪካውን ነው። ሰውየው «ኤ» የተጻፈባትን ቁልፍ ሲጫን «ኪው» ይገባል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነጥብ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ላይ እሱም የለም። የይለፍ ቃሉን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ተሳስተሃል ይለዋል። ደግሞ ይሞክራል፤ አሁንም ተሳስተሃል። ፋይሎቼ አለቀላቸው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነትና እንደ ኡቡንቱ ከእሱ በወጡት ሲስተሞች ላይ «ኢቲሲ» የሚባል ማውጫ (ፎልደር) አለ፤ በውስጡ «ዲፎልት»፣ በዲፎልት ውስጥ ደግሞ «ኪቦርድ» የምትባል ትንሽ ፋይል አለች። የኪቦርዱ ሞዴል፣ ሌይአውቱ፣ ዝርያውና ተጨማሪ ምርጫዎቹ እዚያ ይጻፋሉ። ፋይሏን ማስተካከል ብቻ ግን አይበቃም። ዲስኩ ገና ስላልተከፈተ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጠቀመው «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚባል አስቀድሞ የተዘጋጀ የማስነሻ ጥቅል ነው። የድሮው ሴቲንግ እዚያ ውስጥ ተገልብጦ ተቀምጧል። ጥቅሉ እንደገና ካልተሠራ አዲሱ ለውጥ እዚያ አይደርስም። ይህን ሁሉ ተጠቃሚው ለምን ይሸከመዋል? ኪቦርዱን የቀየረ ሰው ነገም ዲስኩን መክፈት እንደሚፈልግ የታወቀ ነው። ዴስክቶፑ ቢያንስ «የዲስኩ መክፈቻ ላይም ይለወጥ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባ ነበር።

በዚህ ላይ ዌይላንድ መጣ። ኤክስን እየተካ ያለው አዲሱ ሥርዓት ነው። ፌዶራ የተባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኡቡንቱ በ2021 መደበኛ ምርጫቸው አድርገውታል። ዌይላንድ ላይ ኪቦርዱን የሚያስተዳድረው ዴስክቶፑ ራሱ ነው። ግኖም የተባለው ዴስክቶፕ የራሱ ሴቲንግ አለው፣ ኬዲኢ የተባለውም የራሱ። ያቺ ዝነኛ ትዕዛዝ ዴስክቶፑን አትነካውም፤ ብትነካም በድሮው መንገድ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ብቻ ነው። ምክሩ ግን አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ድሮ ትክክል ነበር፤ ዛሬ ብዙ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ እኛ ፊደል እንምጣ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ እዚህ ጋ ያለው ነው። 33 ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። የተለመደው የአሜሪካ ኪቦርድ ጽሑፍ የሚወጣባቸው 47 ቁልፎች አሉት። ከሺፍት ጋር 94፣ የቀኙን አልት ጨምረን ቢበዛ 188። አይበቃም። ስለዚህ ቁልፍን ለፊደል በቀጥታ የሚሰጠው የኤክስ-ኬ-ቢ መንገድ ብቻውን አማርኛን አይችለውም። ያስፈልገን የነበረው ሁለትና ሦስት ቁልፍ አጣምሮ ፊደል የሚሠራ ሌላ ክፍል ነው። ደግነቱ አለ። «አይባስ» የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም «ኤም-17-ኤን» ከተባለው የአጻጻፍ ዘዴዎች ስብስብ ጋር ሲሠራ «ሴራ» የሚባለውን የአጻጻፍ ዘዴ ይሰጣል። «ኤል» የሚለውን የላቲን ቁልፍ ሲጫኑ «ል» ይወጣል፤ «ዩ»ን ሲያስከትሉ «ሉ» ይሆናል፤ በ«ዩ» ፋንታ «ኦ» ከሆነ ደግሞ «ሎ»። «ኪማን» የተባለ ሌላ የመጻፊያ ፕሮግራምም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) ሆኗል፣ ሊኑክስ ላይ የሚሠራውም በዚያው በአይባስ በኩል ነው።

ችግሩ የምርጫ ዝርዝሩ ነው። የግኖም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን ስትፈልጉ በመጀመሪያ የምታገኙት ቀጥተኛውን የኤክስ-ኬ-ቢ ሌይአውት ነው። ሴራ የሚጨመረው ተጨማሪው ፓኬጅ ከተጫነ በኋላ ነው። ሲጨመርም ስሙ ጎን «ሴራ፣ ኤም-17-ኤን» የሚል ነገር ተለጥፎበት ይመጣል። የትኛው ለምን እንደሆነ የሚናገር አንድ ቃል የለም። አዲስ ሰው «አማርኛ» ብቻ የሚለውን ይመርጣል፤ ያ ደግሞ ተፈጥሯዊ ነው። ጥቂት ቁልፎች ይነካካል፤ የሚፈልገው ፊደል አይወጣም። ከዚያ «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» ብሎ ይዘጋዋል። ይችላል! የጎደለው አንድ መስመር ማብራሪያ ነው። በዚያ መስመር ምክንያት ስንት ሰው ትቶት እንደሄደ ሳስብ ያናድደኛል።

«ክፍሎቹ የተለያዩት በምክንያት ነው» የሚል ሙግት አለ። እውነት አለው። ኤክስ-ኬ-ቢ የ1990ዎቹ ሥራ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የቁጥር መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በስሪት 3.0 ነው። ኤክስ-ኬ-ቢ ሲሠራ እዚያ ያልነበረ ፊደል እንዴት ሊታሰብለት ይችላል? ክፍሎቹ መለያየታቸው ጥቅምም አለው፤ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማሻሻል ይቻላል። ከውስጥ መለያየታቸው ግን ከውጭም ተለያይተው እንዲታዩ አያስገድድም። ሰውየው የሚፈልገው «በዚህ ኪቦርድ፣ በእነዚህ ቋንቋዎች እጽፋለሁ» ብሎ አንዴ መናገር ነው። የቀረውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰው። «ይህን ያህልም አያስቸግርም» የሚሉት ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፉ ናቸው። ያልተነካ ግልግል ያውቃል።

ሲስተሙን ከሚጭነው ፕሮግራም የምፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። አማርኛን የመረጠ ሰው የአማርኛ መጻፊያው በዚያው አብሮ ይጫንለት፤ ለይለፍ ቃል ደግሞ የላቲን ሌይአውት ሁልጊዜ ጎኑ ይቀመጥ። የይለፍ ቃል ሲጠየቅ የትኛው ሌይአውት እንደተያዘ ስክሪኑ ላይ ይጻፍ። ይህ አንዳንድ መግቢያ ስክሪኖች ላይ አሁንም አለ፤ የዲስክ መክፈቻው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የለም፣ የሚያስፈልገውም እዚያ ነው።

መልስ ለምትሰጡት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ትዕዛዟን ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሲስተሙ የትኛው ነው? ዴስክቶፑስ? የተከፈተው ኤክስ ነው ወይስ ዌይላንድ? የመጨረሻውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸውና የት እንደሚያዩት አብራችሁ ንገሯቸው፤ ግኖም ላይ «ስለ ሲስተሙ» የሚለው የሴቲንግ ገጽ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የራሱን ሌይአውት መሥራት የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁም የሲስተሙን ፋይል እንዲነካ አትምከሩት፤ በሚቀጥለው አፕዴት ይጠፋበታል። ዌይላንድ ላይ በራሱ ሆም ማውጫ፣ «ኮንፊግ» በሚባለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ «ኤክስ-ኬ-ቢ» የሚል ፎልደር ከፍቶ እዚያ ያስቀምጠው። አፕዴት አይነካውም፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድም አይጠይቀውም።