ማን ይጀምር?

የቺዝ ሰሌዳ ሐበሻ ቤት አያልቅም። አሜሪካ ውስጥ ዲሲ በሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሉ፣ አሌክሳንድሪያ በሉ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ሳሎኑ መሀል ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ስትገቡ ሙሉ ነው፣ ስትወጡም ሙሉ ነው። ጎደለ ከተባለ የጎደለው የወይን ፍሬው ነው፤ እሱንም የጨረሱት ሕፃናት ናቸው።

ላልገጠማችሁ ልንገራችሁ። ባለቤቶቹ ሻርኩተሪ ቦርድ ይሉታል። ትልቅ ጣውላ ይወጣና ሦስት አራት ዓይነት ቺዝ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሳስቶ የተቆረጠ የደረቀ ሥጋ፣ ወይራ፣ ለውዝ፣ የወይን ዘለላ፣ የበለስ ማርማላታና ብስኩት ይደረደርበታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ባዶ ቦታ እንዳይታይ። ቀዳዳ ከተገኘ ዋልነት ይወተፍበታል። ሳላሚ የሚባለው የደረቀ ሥጋ ብርጭቆ አፍ ላይ እየተደራረበ ይታጠፍና ብርጭቆው ሲገለበጥ ጽጌረዳ ሆኖ ይወጣል። ይሄን ቲክቶክ ያላስተማረው የሐበሻ ልጅ የለም። የፈረንጅ ገና ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን የጥብስ ቅጠል ይሰካና የሮማን ፍሬ ይበተንበታል።

ይሄ የጥብስ ቅጠል ነው ችግር የሚያመጣው። አክስቴ ቅጠሉን ስታይ ጥብሱ እየመጣ ነው ብላ እጇን ታጥባ ትቀመጣለች። ሰሌዳውን ራሱን መጀመሪያ ያየች ዕለት አስተናጋጇን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ በሹክሹክታ፣ «ሳህን አንሶሽ ነው መክተፊያው ላይ ያቀረብሽው? ምነው ብትነግሪኝ፣ መኪናዬ ውስጥ አለልሽ እኮ» አለቻት።

በነገራችን ላይ ዕቃው ራሱ የሚናቅ አይደለም። ጣሊያን አገር ፓርማ ውስጥ የአሳማ እግር በጨው ታሽቶ፣ ነፋስ እየመታው፣ ከዓመት በላይ ተሰቅሎ ይከርማል። ፓርሚጃኖ የሚባለው ቺዝ አንዱ ክብ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለሱ ከ500 ሊትር በላይ ወተት ይገባበታል፤ ቢያንስ 12 ወር ሳይሞላው ስሙን አያገኝም። ሮክፎር ደግሞ ከበግ ወተት ተሠርቶ ደቡብ ፈረንሳይ ዋሻ ውስጥ ነው የሚበስለው። ይሄን ያህል ትዕግሥት አለ ሰሌዳው ላይ። እኛ ቋንጣ ገመድ ላይ ሰቅለን ሳምንት መጠበቅ አቅቶን፣ በገባንና በወጣን ቁጥር አንዳንድ ዘለላ እየቦጨቅን፣ እናት ለፍርፍር ስትፈልገው ገመዱ ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። አዋቂዎቹ ቺዝ ከፍሪጅ እንደወጣ አይበላም ይላሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ወጥቶ የቤቱን ሙቀት መልመድ አለበት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በበኩሉ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። እንግዳ መድረስ ያለበት እንግዲህ በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ሐበሻ ጋብዘው አያውቁም። ጥሪው በፈረንጁ ሰዓት ለምሽት 6 ነው። ቺዙ 5 ላይ ይወጣል። 7 ሲሆን የመጣ ሰው የለም። 7:30 ላይ «ደርሰናል፣ መንገድ ላይ ነን» የሚል ስልክ ይደወላል፤ ከኋላ የሻወር ድምፅ ይሰማል። 8:30 ላይ ቤቱ ሲሞላ ብሪ የሚባለው ለስላሳ ቺዝ ቦታውን ለቆ ወደ ወይራው እየሄደ ነው። የሳላሚው ጽጌረዳ ወዝቷል።

መጠኑም አለ። አዘገጃጀቱን የሚያስተምሩት ፈረንጆች ከእራት በፊት ለሚቀርብ ሰሌዳ ለአንድ ሰው 60 ግራም ገደማ ቺዝ፣ 60 ግራም ገደማ ሥጋ ይበቃል ይላሉ። ስድሳ ግራም! ሥጋ ቤት ገብቶ በኪሎ የሚያዝ ሕዝብ እኮ ነው። 60 ግራም ማለት ሥጋ ቆራጩ ቢላዋው ላይ ትቶት የሚሄደው ነው።

ይሁንና ሰሌዳው የማያልቀው በሰዓቱም በሚዛኑም አይደለም። ሰሌዳ የሚፈልገው ዓይነት እንግዳ እኛ ዘንድ ስለሌለ ነው። ሰሌዳ የሚፈልገው ሳይለመን የሚነሳ፣ ቢላዋ አንስቶ የወደደውን የሚቆርጥ፣ ቆሞ እያወራ የሚያላምጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ዓይን አውጣ ነው የምንለው።

የኛ ደንብ ይታወቃል። አስተናጋጅ «ብሉ» ትላለች። እንግዳ «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። «በሞቴ!» ትላለች። «እውነቴን ነው፣ ጥግብ ብያለሁ» ይላል። «እንግዲያው ቤቴን ንቀኸዋል ማለት ነው» ትላለች። «እንግዲህ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» ይልና ሁለት እንጀራ ይጨርሳል። በዚህ ንግግር ውስጥ አንድም እውነት የለም፣ ቅር የሚሰኝም የለም። እንግዳው ከጠዋት ጀምሮ እንዳልቀመሰ አስተናጋጇም ታውቃለች። ሆዱን አስርቦ የመጣውስ ለምን ሆነና?

ሰሌዳ ግን በሞቴ አይልም። አስተናጋጇም የአሜሪካ ወግ ይዟት «ሄልፕ ዩርሰልፍ!» ብላ አንዴ ትልና ወደ ኩሽና ትገባለች። አንዴ ብቻ። እንግዳው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይጠብቃል፤ አይመጣም። ሃያ ሰው ሰሌዳውን ከቦ ስለ ቤት ወለድ፣ ስለ ኢሚግሬሽን፣ አገር ቤት ስለገባው ጓደኛ ያወራል። አፍ ያወራል፣ ዓይን ቺዙ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩልን እንጂ።»

«ኧረ ልጆች ይቅደሙ፣ እኔ ምን እበላለሁ ብላችሁ ነው።»

«ታላቅ እያለ? እንዴት ተደርጎ!»

ይሄ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በመጨረሻ አንድ ጀግና ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሌሊት ሥራ ያለበት ነው፤ መሄጃው ስለደረሰ ይሉኝታውን ሽጦታል። እጁን ወደ ሳላሚው ሲዘረጋ ከኩሽና፣ «ፎቶ ሳላነሳ እንዳትነኩት!» የሚል ጩኸት ይመጣል። እጁን ሲሰበስብ ብታዩት ሌባ ተይዞ ነው የምትሉት። ከፎቶው በኋላም አይነካም። ሌላውም አይነካም። ሃያ ደቂቃ የተሠራ ጽጌረዳ ማን ነው ደፍሮ የሚነቅለው? ሰው እኮ ሊበላ እንጂ ሊያፈርስ አልመጣም።

በጉርሻ ልትፈታው የሞከረች ሴት አይቻለሁ። ብስኩት ላይ ብሪ ቀብታ፣ ማርማላታ ደርባ፣ «አንተ ደግሞ ምን ትግደረደራለህ» ብላ ወደ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው አፍ አቀናች። ብስኩት ለጉርሻ አልተፈጠረም። አፉ ደጃፍ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ክራባቱ ላይ ቀረ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ሲባል ነው የምናውቀው፤ ሰውየው ግን ሁለተኛውን አልጠበቀም።

ጾሙ ደግሞ አለ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። በፈረንጁ ከኖቬምበር 24 እስከ ጃንዋሪ 6 መሆኑ ነው። የአሜሪካ ድግስ ሁሉ የታጨቀው እዚሁ ውስጥ ነው። ታንክስጊቪንግ አብዛኛውን ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤት ፓርቲ፣ ዲሴምበር 25፣ አዲስ ዓመታቸው። ከዓመቱ ውስጥ ቺዝና ሥጋ የማይደረደርበትን ወቅት ምረጡ ብትባሉ የምትመርጡት ይሄንኑ ነበር።

አስተዋይ አስተናጋጅ ሁለት ሰሌዳ ትሠራለች፤ አንድ የፍስክ፣ አንድ የጾም። የጾሙ ላይ ወይራ፣ ለውዝ፣ ሁሙስ የሚሉት የተፈጨ ሽምብራ፣ ከካሹ የተሠራ የጾም ቺዝ ይቀመጣል። ሰላሙ የሚቆየው አንዱ የማይጾም ሰው የቺዝ ቢላዋውን ሁሙሱ ውስጥ እስኪነክረው ድረስ ነው። ወሬው ቤቱን ያዳርሰዋል። «ተነካክቷል!» ከዚያ በኋላ የጾሙ ሰሌዳ የማንም አይደለም።

አንድ ሰሌዳ ብቻ ያለበት ቤት ደግሞ ጉባኤ ይቀመጣል። ወይራው ቺዙን ነክቶታል ወይስ አልነካውም? የነካውስ ራሱ ወይራው ነው ወይስ ብሪው ነው የመጣበት? ወይራው በፈቃዱ ካልሄደ ምን በደለ? ዋልነቱ ደረቅ ስለሆነ ቢታጠብ አይሆንም? የሚገርመኝ ይህን ክርክር አጥብቀው የሚይዙት የማይጾሙት ናቸው። የሚጾሙት ጥግ ላይ ሆነው ዳቧቸውን ይበላሉ።

ጾሙ ቢወጣም አሳማው አይወጣም። ፕሮሹቶ፣ ያ የፓርማው እግር፣ አሳማ ነው። ሳላሚ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። ፔፐሮኒ አሜሪካ ውስጥ እንደ ልማዱ አሳማና በሬ የተቀላቀለበት ነው። እዚህ ላይ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ እንግዳ ግንባር ይፈጥራሉ። «የበሬ ብቻ ነው የገዛሁት» ብትል አስተናጋጇ አትታመንም። ላስቲኩ ከቆሻሻ ቅርጫት ይወጣል። የጋሼ መነጽር ይወጣል። ጮክ ብለው ያነባሉ። «ቢፍ... ሶልት... ሶዲየም ናይትራይት።» ቀና ይላሉ። «ይሄ ሶዲየም የሚሉት ከየትኛው እንስሳ ነው?»

ቀጥሎ ሌላው ይነሳል። «ቆይ፣ ሳይበስል ነው እንዴ የሚበላው? አያምም?» ይህን የሚጠይቀው ሰው ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ያወራረደ ነው። ሆዱን ያሳሰበው ዓመት ሙሉ በጨው የተያዘው ነው።

ስለ ሰማያዊው ቺዝ ብዙ አልልም። እንጀራ ሲሻግት ይጣላል፣ ይሄ ሲሻግት ይወደዳል፤ ገበያ ነው። አክስቴ አንድ ጊዜ ቢላዋ ይዛ በትዕግሥት ሰማያዊ ሰማያዊውን ፍቃ ፍቃ፣ ነጩን ብቻ አጽድታ ለአስተናጋጇ አስረከበቻት። «ሻግቶብሽ ነበር፣ የኔ ልጅ። የቻልኩትን አድኜልሻለሁ።»

እኛም አይብ አለን፤ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲንጎማለል ግን አይታወቅም። አሬራ ሲሞቅ የሚወጣ ትሑት ነገር ነው። ሥራው የክትፎውን ሚጥሚጣና የዶሮ ወጡን ቃጠሎ ማብረድ ነው። ጎጃም ውስጥ በቅመም ታሽቶ ለወራት የሚቆይ አይብም አለ። ቲክቶክ ገና አልደረሰበትም፤ ሲደርስበት ዋጋውን እናያለን። አሁን አሁን «ሐበሻ ቦርድ» የሚሉት ተጀምሯል። ቋንጣ፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት አይብ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የድፎ ዳቦ ቁራጭ። ይሄን እደግፋለሁ። ቢያንስ ማንም ላስቲክ ፍለጋ ቅርጫት ውስጥ አይገባም። እንጀራን በትንንሹ ጠቅልሎ ስንጥር የሚሰካበትን ግን አልደግፍም። እንጀራ ላይ ስንጥር የሰካ ሰው ነገ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

የፈረንጁን ሰሌዳ አልተውም ለምትል ደግሞ ምክር አለኝ፤ ባስቱርማ ትግዛ። አርመኖችና ቱርኮች የሚሠሩት የደረቀ የበሬ ሥጋ ነው። በጨው ይደርቅና ከአብሽ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቀይ ቃሪያ ዱቄት በተለወሰ ማባያ ይለበጣል። ላስቲኩ ሲቀደድ ሽታው የማን ጓዳ እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ባለፈው በራሳችን ገና አንዲት ዘመዳችን ይህንኑ አደረገች። ጾም ተፈቷል፣ አሳማ የለም፣ ፎቶው ቀድሞ ተነስቷል። ምንም ሰበብ አልነበረም። ሰው ግን አሁንም ከቦ ቆመ። ለካ ሰበብ የፈለገው ስለ ዶሮው ነው። የሐበሻ ሰሌዳ የትም ቤት ቢሆን ከኋላው ዶሮ ወጥ አለ፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሆዱን ይጠብቃል። ሰሌዳው ድካም ይቀንሳል ተብሎ የገባ ነገር ነበር። አስተናጋጆቻችን ሁለት ቀን ሽንኩርት ካቁላሉ በኋላ ሦስተኛው ቀን ላይ ሳላሚ ያጥፋሉ። በፈረንጁ ከምሽቱ 10 ሰዓት ላይ «በሉ ወደ ማዕድ» ሲባል ያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ሲል የነበረ ሁሉ ወንበር ተሻማ።

ባስቱርማው እንዳለ ቀረ። አክስቴ፣ «ይሄ እንዳይጣል» ብላ በፎይል ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ጠዋት ለዘመዳችን ደወለች።

«ያንን ቋንጣሽን ፍርፍር አደረግሁት። እንዴት ያለ ነው! አብሹ ትንሽ በዝቶበታል እንጂ እጅሽ ገብቷል። ለፋሲካ ሦስት ፓውንድ አድርቂልኝ። ጽጌረዳ ምናምን እያልሽ እንዳታጥፊው ታዲያ፣ መክተፍ ያስቸግራል።»