በነሐሴ መል ደሴት፦ ኮቴጅ ወይስ ቢ ኤንድ ቢ?

ክርክሩ የተነሣው ስድስት ሰዎች ለነሐሴ ወደ ስኮትላንዷ መል ደሴት ለመሄድ ሲመካከሩ ነው። ዋና ሐሳባቸው ከመል ጫፍ ማዶ ያለችውን አዮናን መሳለም ነበር፤ ቅዱስ ኮሎምባ በፈረንጅ አቆጣጠር በ563 ገዳም የመሠረተባትን። አንደኛው በዚያ አካባቢ ተጓዥ በሚኒባስ የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ኮቴጅ (ወጥ ቤት ያለው ሙሉ ቤት) እንከራይ ባይ። ሌላዋ በእንግዳ ማረፊያ አልጋ ስታነጥፍና ቁርስ ስታቀርብ የኖረች ናት፤ ቢ ኤንድ ቢ (አልጋና ቁርስ የሚሰጥ ማረፊያ) ካልሆነ አለች።

«ስድስት ሰው ማለት ሦስት ክፍል ነው» አለ እሱ። «በነሐሴ ሦስት ክፍል ባንድ ቤት ከየት ይገኛል? ሁለታችን እዚህ አራታችሁ እዚያ ልናድር ነው? ደግሞ ቢ ኤንድ ቢ ቁርስ እንጂ እራት የለውም። ምግብ ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትእዛዝ መቀበል ያቆማሉ (ሰዓቱን በእኛ ቁጠሩት)። ቦታ ሳይዝ የሄደ ቺፕስም አያገኝ።»

«ታዲያ ወጥ ቤቱ ውስጥ ማን ሊቆም ነው? ዕረፍት ብለህ ሚስትህን ምድጃ ላይ ልትተክላት?»

«እኔ እሠራለሁ።»

እዚህ ላይ ብዙ ተሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ወደ ቁም ነገሩ የመለሰችው እሷ ናት። በስኮትላንድ በጋ (በእኛ ክረምት) አብዛኛው ኮቴጅ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው የሚከራየው፤ መግቢያው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ መውጫው ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ስለዚህ ገቢውም ወጪውም ያን ቀን ከዋናው ምድር ወደብ ከኦባን ወደ መሏ ክሬግኒዩር በምትሻገረው መርከብ ላይ ይረባረባል። ጉዞው 50 ደቂቃ ያህል ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው የመኪና ቦታ ነው፣ የእግረኛ ግን ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ቤት ከፍሎ መርከብ ያጣ ሰው ስንት አለ!

«ሎካላይን አለልሽ አይደል» አላት። እውነቱን ነው፤ ከዋናው ምድር ሎካላይን ወደ መሏ ፊሽኒሽ ትንሿ ጀልባ ያለ ቀጠሮ በተራ ትጭናለች፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ከደቡብ ለሚመጣ ሎካላይን ለመድረስ በኮራን ሌላ ጀልባ መሻገር አለ፤ ወረፋ በወረፋ ላይ።

ኮቴጁ ራሱም የራሱ ጣጣ አለው አለች። ብዙዎቹ ውኃቸው ከምንጭ ነው፤ ከረግረጉ አፈር የተነሣ ሻይ ሊመስል ይችላል። ቀለሙ አይገድልም፤ ጀርም የሚገድለው ግን የአልትራቫዮሌት መብራት ነውና መብራት ሲጠፋ ውኃውን አፍልቶ መጠጣት ነው። ፍሳሹ የሚገባው ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ስለሆነ የሕፃን መጥረጊያና የተረፈ ዘይት ከጣላችሁበት ቱቦው ተደፍኖ ወደ ቤት ይመለሳል።

«ቡናስ?» አለች ቀጥላ፣ እያወቀች።

ከየካቲት 2022 በፈረንጅ ጀምሮ በስኮትላንድ መኖሪያ ቤት ሁሉ እርስ በርስ የተያያዙ አላርሞች ግዴታ ናቸው። ሳሎንና ኮሪደር ላይ ያሉት በጭስ ይጮኻሉ፣ ወጥ ቤት ያለው በሙቀት ነው። አንዱ ሲጮኽ ሁሉም ይጮኻል። ሳሎን ውስጥ ቡና ቆልቶ ዕጣን ማጨስ ማለት ፎቅ የተኛውን ሕፃን መቀስቀስ ነው። አላርሙን በላስቲክ መሸፈን ደግሞ በጭራሽ! ወጥ ቤት ሆኖ፣ ወደ ኮሪደር የሚወስደውን በር ዘግቶ፣ መስኮት ከፍቶ መቁላት ይቻላል። ደጅ እቆላለሁ የሚል ነፋስ ያለበትን ሰዓት ይምረጥ፤ አየሩ ጸጥ ያለና እርጥብ ከሆነ ሚጅ የምትባለው ደቃቅ ተናካሽ ፊት አታስቀርም።

ባንድ ነገር ወዲያው ተስማሙ፤ ኮቴጅም ሆነ ቢ ኤንድ ቢ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የፈቃዱ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ ሊኖር ይገባል። ቁጥር ከሌለው እለፉት።

እሱ ያሸነፈው በጾሙ ነው። «ፍልሰታ ላይ ነን፤ እንቁላልና ቤከን ማን ሊበላልሽ?» እሷም መልስ አላጣችም፦ ጠዋት ገበታ ላይ ሳይሆን ክፍል ስትይዙ «ቪጋን» በሏቸው፤ ጾም ብትሏቸው ዓሣና ወተት የሚያመጡ አሉ። አጃ በውኃ ይገነፋል፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና ባቄላ ይጨመራል፤ በሌላ መጥበሻ በዘይት እንዲሆን ንገሩ። የድንች ቂጣዋ ቴቲ ስኮን ቅቤ ሊኖርባት ስለሚችል ጠይቁ። ጥሩ ነው፤ ግን ቁርሱ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ምኑም አይደል። የሚከፈልበትን ትቶ መሄድ ይሆናል።

እንደ እኔ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ለሚሄዱት ስድስት ሰዎች ኮቴጁ ይበልጣል፤ እሷ የጠቀሰቻቸው ጣጣዎች ሁሉ መላ አላቸው፣ ለማይበላ ቁርስ ግን መላ የለውም። ሽሮውንና በርበሬውን ከቤት፣ አትክልቱን ከኦባን ይዞ መሻገር ነው። ግን እሱ የመረጠው በመል ሌላ ጫፍ ያለችውን የቶበርሞሪን ከተማ ነበር፣ እዚያ ላይ ተሳስቷል። ከቶበርሞሪ የአዮና ጀልባ እስከምትነሣበት ፊናፎርት ወደ 58 ማይል፣ ሁለት ሰዓት ግድም ነው፤ አብዛኛው መንገድ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል። ማሳለፊያው (መኪኖች እንዲተላለፉ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ) በግራህ ከሆነ ትገባለህ፣ በቀኝህ ከሆነ ትይዩው ቆመህ ትጠብቃለህ። በየቀኑ ይህን መመላለስ አይሆንም። ቤቱ ፊናፎርት ወይም በአቅራቢያው ባለው መንደር ቡኔሰን ይፈለግ፤ መኪናውን አቁሞ (የእንግዳ መኪና አዮና አይገባም) በአሥር ደቂቃ መሻገር ነው። ሁለትና ሦስት ሌሊት ብቻ የሚያድሩና የማይጾሙ ጥንዶች ከሆኑ ግን፣ እዚያው ፊናፎርት ቢ ኤንድ ቢ ይያዙ፤ ከክሬግኒዩር አውቶቡስ ስላለ መኪናውን ኦባን ትተውት መምጣት ይችላሉ።